«ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ?» የዘረመል አማካሪዎች ማዳመጥን እንዴት ይማራሉ?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ በሽታ ወይም መድኃኒት አይደለም። ስለ ንግግር ነው። አንድ ቤተሰብ ከባድ የዘረመል ዜና ሲሰማ ፊቱ የተቀመጠው ባለሙያ እንዴት መናገር፣ ከመናገርም በላይ እንዴት ማዳመጥ እንዳለበት እናያለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

በራሴ ስህተት ልጀምር። (ታሪኩን የምጽፈው በእናትየዋ ፈቃድ ነው፤ ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።)

ከተመረቅኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንዲት የ38 ዓመት እናት የሦስት ወር ሴት ልጇን ታቅፋ መጣች። ለምርመራ ወደ ውጭ አገር ተልኮ የነበረው የልጅቷ የክሮሞዞም ውጤት ደርሷል። ዳውን ሲንድረም ነው።

እኔ ደግሞ ተዘጋጅቻለሁ። ሰው በአብዛኛው 46 ክሮሞዞም እንዳለው፣ የልጅቷ ግን 21ኛው ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት እንደሆነ ወረቀት ላይ ሥዬ ጭምር አሳየኋት። የልብ አልትራሳውንድ፣ የእንቅርት ዕጢ ምርመራ፣ የጆሮና የዓይን ክትትል እንደሚያስፈልግ አንድ በአንድ ነገርኳት። ያስቀረሁት ነገር የለም። ፈተና ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ ነበር የማገኘው።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» አልኳት። ለአፍታ ዝም ብላ ቆየችና፣

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ?» አለችኝ።

«ኧረ በፍጹም! ክሮሞዞሞች ሲከፋፈሉ በአጋጣሚ የሚፈጠር ስህተት ነው። ከእናት ዕድሜ ጋር ዕድሉ ይጨምራል እንጂ የማንም ጥፋት አይደለም» ብዬ መለስኩላት። ከዚያ «አይዞሽ» አልኳትና ቀጠሮ ጽፌ ሸኘኋት።

በቀጠሮዋ ቀን አልመጣችም። ያየኋት ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ልጅቷ በሳንባ ምች ታማ። የልብ ምርመራው አልተሠራም ነበር። ሲሠራ ልቧ ላይ ክፍተት ተገኘ፤ ቀደም ብሎ ሊታወቅና ክትትል ሊጀመርለት የሚገባ ክፍተት። ለምን እንዳልመጣች ስጠይቃት የመለሰችልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ያን ቀን ‹ዕድሜ› ካሉኝ በኋላ የተናገሩትን አንድም አልሰማሁም።»

እንግዲህ አስቡት። የነገርኳት ሁሉ ትክክል ነበር፤ ግን አልደረሳትም። የዛሬው ጽሑፌ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። እውነተኛ መረጃ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ያ መረጃ ሰውየው ጋ እንዲደርስ ማድረግ ሌላ ሙያ ነው። ይህ ሁለተኛው ሙያ ደግሞ ሥልጠና አለው።

የዘረመል አማካሪ ማን ነው?

በብዙ አገሮች የዘረመል አማካሪ፣ ማለትም ጄኔቲክ ካውንስለር፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በእርግዝና ምርመራዋ ያልተጠበቀ ውጤት የተነገራት ሴት፣ ልጃቸው ከተፈጥሮ ችግር ጋር የተወለደ ወላጆች፣ በቤተሰባቸው የጡት ወይም የአንጀት ካንሰር የተደጋገመባቸው ሰዎች፣ እርግዝና በተደጋጋሚ የሚወርድባቸው ጥንዶች ወደ እሱ ይላካሉ። እሱም የቤተሰብ የዘር ሐረግ ይሥላል፣ የምርመራ ዓይነቶችን ያብራራል፣ ውጤቱን ይተረጉማል፣ ቤተሰቡ የሚሄድበትን መንገድ እንዲመርጥ አብሮ ያስባል።

በአሜሪካ ይህን ሙያ ለመሥራት የሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው በአማካሪ ቁጥጥር ሥር ቢያንስ 50 ተገልጋዮችን ራሱ ተሳትፎ ማስተናገድ አለበት። ከዚያ የብቃት ፈተና አለ።

ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ዲኤንኤ ብቻ ነው የሚማሩት? አይደለም። እኔም ያስገረመኝ ይኸው ነው።

ትንሽ ታሪክ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

«ጄኔቲክ ካውንስሊንግ» የሚለውን ስም በ1947 ያወጣው ሼልደን ሪድ የተባለ አሜሪካዊ የዘረመል ተመራማሪ ነው፤ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር። ስሙን ሲመርጥ ከአንድ መጥፎ ታሪክ መራቅ ፈልጎ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት «የሰውን ዘር እናሻሽል» በሚል አስተሳሰብ መንግሥታት ማን መውለድ እንዳለበትና እንደሌለበት ይወስኑ ነበር። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1927 ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው ማምከንን ሕጋዊ አደረገ። ናዚ ጀርመን በ1933 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ የተከተለውን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ አዲሱ ሙያ ከመጀመሪያው አንድ መሐላ መሰል አቋም ያዘ፦ እኛ መረጃ እንሰጣለን፣ የሚወስነው ግን ቤተሰቡ ነው።

በዚያው ዘመን ካርል ሮጀርስ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሌላ ነገር እያስተማረ ነበር። በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ ተገልጋይን ማዕከል ያደረገ የምክክር ዘዴን አብራራ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሰው የራሱን ችግር የመፍታት አቅም በውስጡ አለው፤ አቅሙ የሚወጣው ግን ምቹ ግንኙነት ሲያገኝ ነው። ለዚያ ደግሞ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ አማካሪው ሳያስመስል እውነተኛ መሆኑ፣ ሰውየውን ሳይፈርድበት መቀበሉ፣ ነገሩን በሰውየው ዓይን ለማየት መጣሩ።

በ1969 በኒውዮርክ የሚገኘው ሳራ ሎረንስ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የዘረመል አማካሪዎች የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሲከፍት ይህ የሮጀርስ አስተሳሰብ ከባዮሎጂው ጎን ቦታ አገኘ።

ግን በተግባር ቀላል አልሆነም። ሲሞር ኬስለር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1997 በጻፈው ጽሑፍ የዘረመል ምክክር በሁለት መንገድ እንደሚሠራ አሳየ። አንዱ እንደ መምህር ነው፦ መረጃውን በደንብ ካስረዳኸው ሰውየው ራሱ ይወስናል ብሎ ያምናል። ሌላው እንደ አማካሪ ነው፦ ሰውየው ማን ነው፣ ምን ያስፈራዋል፣ መረጃው ለሕይወቱ ምን ትርጉም አለው ብሎ ይጀምራል። ችግሩ አብዛኛው ባለሙያ ወደ መምህርነቱ ማዘንበሉ ነው። ያቺን እናት ያስተናገድኩት እኔም መምህር ነበርኩ፤ ሰሌዳ ብቻ ነው የጎደለኝ።

በ2007 ደግሞ ማካርቲ ቪች፣ ባርትልስ እና ለሮይ የተባሉ ባለሙያዎች የሙያውን መሠረት በአምስት ነጥብ አስቀመጡት፦ የዘረመል መረጃ ቁልፍ ነው፣ ግንኙነቱ የሥራው አካል ነው፣ የተገልጋዩ የመወሰን መብት ይደገፋል፣ ሰው ጽናት አለው፣ ስሜት ለውጥ ያመጣል። ልብ በሉ፤ ከአምስቱ ስለ መረጃ የሚያወራው አንዱ ብቻ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ያየሁት

ከዓመታት በኋላ ለአጭር ሥልጠና አሜሪካ ሄጄ በነበረበት ጊዜ የዘረመል አማካሪ ተማሪዎች ሲሠለጥኑ ጥግ ይዤ እንድመለከት ተፈቀደልኝ። ተገልጋይ ሆና የምትቀርበው ለዚሁ የሠለጠነች ተዋናይት ናት። ውይይቱ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ከዚያ መምህሯና ተማሪዎቹ አብረው ደግመው ያዩታል። ከዚያ ይዤ የመጣኋቸውን ትምህርቶች ላካፍላችሁ።

1. ዝምታ ሥራ ነው

አንዷ ተማሪ ለ«እናትየዋ» ውጤቱን ነገረቻት። ተዋናይቷ አቀርቅራ ዝም አለች። ተማሪዋ ወዲያው ስለ ቀጣዩ ምርመራ ማውራት ጀመረች። መምህሯ ቪዲዮውን አቁማ «ስንት ሰከንድ ጠበቅሽ?» አለቻት። ተቆጠረ፤ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። «ያ ዝምታ ለማን ነው የከበደው? ለእሷ ነው ወይስ ለአንቺ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጥጌ ላይ ሆኜ አንገቴን ደፋሁ። ብዙ ጊዜ የምናወራው በሽተኛውን ለመርዳት ሳይሆን ራሳችን መጨነቃችንን ለማስቆም ነው። ክፉ ዜና የሰማ ሰው ጆሮው ለጊዜው ይዘጋል። ዝምታው ጆሮው እስኪከፈት መጠበቂያ ነው።

2. ከጥያቄ ሥር ያለው ጥያቄ

«ሌላ ብወልድ የመደገም ዕድሉ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ የቁጥር ጥያቄ ይመስላል። ግን «ባሌ ጥሎኝ ይሄዳል?»፣ «ቀጥሎ ብወልድ ለዚህኛው ልጄ ያለኝ ፍቅር ይቀንስ ይሆን?»፣ «እግዚአብሔር ተቆጥቶኛል?» ማለትም ሊሆን ይችላል። ተማሪዎቹ ቁጥሩን ከመናገራቸው በፊት ወይም ከተናገሩ በኋላ አንዲት አጭር ጥያቄ መጨመርን ይለማመዳሉ፦ «ይህን ስትጠይቂኝ በሐሳብሽ ምን እየመጣ ነው?»

ጥያቄውን መሸሽ አይደለም። ቁጥሩም ይነገራል። ግን ቁጥሩ የሚያርፍበት ቦታ መጀመሪያ ይታወቃል።

3. ስሜቱን መልሶ መናገር

ይህኛው ቀላል ይመስላል፤ ሲሞከር ግን ያስቸግራል። የእኔንና የሠለጠነ አማካሪን መልስ ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

እናት፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ?»
እኔ ያኔ፦ «ኧረ በፍጹም! በአጋጣሚ የሚፈጠር ስህተት ነው።»

እናት፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ?»
አማካሪ፦ «ይህን ስታሰላስዪ የቆየሽ ይመስለኛል። የትኛው ነገር ነው የአንቺ ጥፋት እንዲመስልሽ ያደረገው?»

እናቱ ከዚያ «ነፍሰ ጡር ሳለሁ የጠጣሁት መድኃኒት ነው» ልትል ትችላለች። «ተጣልቼ ስላለቀስኩ ነው» ልትል ትችላለች። «ጎረቤቴ እንዲህ ብላኛለች» ልትል ትችላለች። አሁን የቱን ፍርሃት እንደምትመልሱ ታውቃላችሁ። ጥፋቷ አለመሆኑን ያኔ ስትነግሯት ትሰማለች፤ ምክንያቱም መልሱ የተሰጠው ለእሷ ፍርሃት ነው።

4. «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

አበሻ ከሆናችሁ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ ሐኪም ይወስናል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። ተማሪዎቹ ሁለት ጥፋት ይሠራሉ። አንዳንዱ «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» ብሎ የራሱን ሕይወት ይጭናል። ሌላው ደግሞ «ይህን መመለስ አልችልም፣ ውሳኔው የእርስዎ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። መምህሯ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው እኩል አልወደደችውም። ሰውየው ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

የሚለማመዱት መልስ እንዲህ ያለ ነው፦ «ውሳኔው ምን ያህል እንደከበደዎ ይገባኛል። ብቻዎን አልተውዎትም። እያንዳንዱን መንገድ አብረን እንየው። ይህንን መርጠው ቢሆን የዛሬ ዓመት ቤትዎ ምን ይመስላል? ያኛውንስ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ተገልጋይን ማዕከል ማድረግ ማለት የሕክምና ምክርን መደበቅ አይደለም። ለምሳሌ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር አፈጣጠር ችግር ያለበት ጽንስ አርግዛ የነበረች ሴት በድጋሚ ከማርገዟ በፊት በሐኪም ትእዛዝ በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመከራል። ሌሎች ለማርገዝ የሚያስቡ ሴቶች ደግሞ በቀን 400 ማይክሮ ግራም። ይህ ችግር በአገራችን በብዛት ይታያል፤ ስለዚህ «እንደ ፍላጎትሽ» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ በግልጽ ይመከራል። ለቤተሰቡ የሚተወው ውሳኔ የሕይወትና የእሴት ጉዳይ ነው፦ ልመርመር ወይስ አልመርመር፣ ልውለድ ወይስ ልቆይ፣ ለዘመድ ልንገር ወይስ አልንገር።

5. ቁጥር እንዴት ይነገራል?

ሁለቱም ወላጆች የአንድ ስውር የዘር በሽታ ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ፣ ማለትም 25 በመቶ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «አንዱ ታሟል፤ እንግዲህ የሚቀጥሉት ሦስቱ ደህና ናቸው» ብሎ ይረዳል። አይደለም! በየእርግዝናው ሳንቲሙ እንደ አዲስ ነው የሚወረወረው።

ሌላም አለ። «1 በመቶ ዕድል አለ» እና «99 በመቶ አይደገምም» አንድ ናቸው፤ ጆሮ ላይ ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ቁጥሩን በሁለቱም በኩል መናገርን ይማራሉ፤ ከዚያ «ይህ ቁጥር ለአንቺ ትልቅ ነው ትንሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለአንዷ 1 በመቶ እንቅልፍ ይነሳታል፤ ለሌላዋ 25 በመቶ «ሦስት አራተኛው የእኔ ነው» የሚያስብል ተስፋ ነው። ማናቸውም አልተሳሳቱም።

6. የራስን ቁስል ማወቅ

አንድ ተማሪ ካንሰር ስላለባት «ተገልጋይ» ጋር ሲነጋገር በተደጋጋሚ ርዕስ ይቀይር ነበር። በኋላ ሲወያዩ እናቱን በዚያው በሽታ እንዳጣ ተናገረ። ማንም አልወቀሰውም። ግን አወቀው። በሥልጠናው ውስጥ ተማሪው ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር በየጊዜው ተቀምጦ «የትኛው ተገልጋይ ከበደኝ? ለምን?» ብሎ የሚወያይበት ጊዜ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕክምና ትምህርቴ ዘመን ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ይህ ለእኛ ይሆናል ወይ?

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማስበው። እኛ ክፉ ዜና መንገር ጥበብ እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው? ማን እንደሚናገር ይመረጣል። ሰዓት ይመረጣል። የሚቀርቡት ሰዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ። ሰውየው ብቻውን፣ ቆሞ፣ መንገድ ላይ እንዲሰማ አይደረግም። ከዚያ ደግሞ ማንም ጥሎት አይሄድም፤ አብሮት ይቀመጣል። ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ሐኪም ቤት ሲገባ ለምንድን ነው ከባዱን ዜና ኮሪደር ላይ፣ በአምስት ደቂቃ የሚሰማው?

ዘር መቁጠርም ቢሆን አዲስ አይደለም። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አያቶች የቤተሰብ ሐረግን ያለ ወረቀት ይሥሉ ነበር።

በእርግጥ መስተካከል ያለበት ነገር አለ። «ተገልጋይ» እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ባል አለ፣ እናት አለች፣ የነፍስ አባት ወይም ሼህ አሉ። አንዲት ሴት «ከእናቴ ጋር ሳልመክር አልወስንም» ካለች ያ የእሷ ምርጫ ነው፤ ሊከበርላት ይገባል። አማካሪው ግን ለብቻዋ «ማን አብሮሽ ቢኖር ትፈልጊያለሽ? ማንስ ባይሰማ ትመርጫለሽ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። «እርግማን ነው»፣ «ቡዳ በልቷት ነው» የምትል እናትንም መሳቅ ወይም መገሠጽ አይደለም። «ከምን የመጣ ይመስልሻል?» ብሎ ጠይቆ፣ አድምጦ፣ ከዚያ የሕክምናውን ማብራሪያ ጎኑ ማስቀመጥ ነው።

በአገራችን በዚህ ሙያ ብቻ የሠለጠነ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ሥራው የሚወድቀው በሐኪሞች፣ በአዋላጅ ነርሶችና በነርሶች ላይ ነው። ስለዚህ ለእነሱ ነው መሰጠት ያለበት፤ በስላይድ ብቻ ሳይሆን በልምምድ፣ በቪዲዮ፣ በእርማት። መርፌ መውጋትን አይተን ብቻ አልተማርነውም፤ ማዳመጥም እንደዚያው ነው።

እናንተስ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

ቀጠሮ ያላችሁ ከሆነ፦

አንደኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በእናትም በአባትም በኩል በቤተሰብ የታወቀ ሕመም፣ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ፣ የተደጋገመ ውርጃ ካለ ጠይቃችሁ ጻፉ።

ሁለተኛ፣ በጣም የሚያስፈራችሁን አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ ያዙና መጀመሪያ ላይ ጠይቁ። መጨረሻ ላይ ከሆነ ጊዜ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ «አሁን የነገሩኝን ሁሉ አልያዝኩም፤ ሌላ ቀን ተመልሼ መጠየቅ እችላለሁ?» ማለት ነውር አይደለም።

አራተኛ፣ በነፍሰ ጡር ደም የሚሠራውና ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚወሰደው የዲኤንኤ ምርመራ ቅድመ ልየታ እንጂ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም። «ከፍተኛ ስጋት» የሚል ውጤት ከመጣ ከሽርት ውሃ በሚወሰድ ናሙና ወይም በሌላ ማረጋገጫ ምርመራ ይጣራል። ከዚያ በፊት ምንም አትወስኑ።

አምስተኛ፣ አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ጠይቁ። ባልሽን ወይም ልጅሽን አታስተርጉሚ። የሚወድሽ ሰው ከባዱን ቃል አለስልሶ ወይም ዘሎ ነው የሚተረጉምልሽ፤ አንቺም ፊቱ ሁሉን አትጠይቂም።

ዘመድ ወይም ጓደኛ ከሆናችሁ፦

«አይዞሽ» ጥሩ ቃል ነው። ግን ቶሎ ከተባለ አፍ ይዘጋል። «አይዞሽ» የተባለች ሴት ማልቀሷን ታቆማለች እንጂ ፍርሃቷን አትነግራችሁም። መጀመሪያ «እስቲ ንገሪኝ» በሉ። አድምጡ። «አይዞሽ» መጨረሻ ላይ ይድረስ።

«ከማን ዘር መጣ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ እባካችሁ ተዉት። አብዛኛው ዳውን ሲንድረም ከማንም ዘር አልመጣም፤ በአጋጣሚ ነው። ከወላጅ ተሸካሚነት የሚመጣው ጥቂቱ ቢሆን እንኳ ማንም መርጦ አልተሸከመውም።

ወደ ያቺ እናት ልመለስ

ልጅቷ ክትትሏን ቀጥላ አድጋለች። እናትየዋም ከእኔ ጋር ተላምደናል። ከሥልጠናው ስመለስ አንድ ቀን ደፈር ብዬ ጠየቅኳት። «ያን ቀን ‹ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ› ስትዪኝ ምን ብዬ ብመልስልሽ ጥሩ ነበር?»

ብዙም አላሰበችም።

«መጀመሪያ ‹ማን እንዲህ አለሽ?› ብለው ቢጠይቁኝ።»

አማቷ ነበሩ። «አርጅተሽ ወልደሽ የልጄን ቤት አበላሸሽ» ብለዋታል። እሷ ያንን ይዛ ነው ክፍሌ የገባችው። እኔ ደግሞ ሳላውቅ ነጭ ጋዋን ለብሼ «ዕድሜ» በሚለው ቃል የአማቷን ፍርድ አጸናሁባት። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ክፍል ተመልሳ ልትመጣ ነበር እንዴ?

ጥያቄው አራት ቃል እንኳ አይሞላም። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ግን ስምንት ወር ያተርፍልን ነበር።

አሁን የዘረመል ውጤት ልነግር ስቀመጥ ወረቀቱን ከመግለጤ በፊት «ዛሬ ከዚህ ስትወጪ ምን አውቀሽ ብትሄጂ ደስ ይልሻል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ። አሁንም ሁለት ሰከንድ ሲሞላ አፌን ይበላኛል፤ እየተማርኩ ነው።

እናንተስ? ከባድ የጤና ዜና የሰማችሁበትን ቀን አስታውሱ። ባለሙያው ምን ብሎ ቢጠይቃችሁ ኖሮ ይቀላችሁ ነበር? በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። የጤና ባለሙያ የሆኑ ወዳጆቻችሁም እንዲያነቡት አጋሯቸው።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የተጻፈ ነው። የግል ውጤታችሁን ከሚከታተላችሁ ሐኪም ጋር ተነጋገሩበት፤ መድኃኒትም በራሳችሁ አትጀምሩ።

ጤናችሁ ይብዛ!